ሰፈር የማይሰማው በር

ቱጌ የሚሉት ስሙ አይደለም። እናቱ ያወጡለትን ስም መታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አታገኙትም። ቱግ ስለሚል ቱጌ አሉት፣ በቃ። የብየዳው ኤሌክትሮድ እርጥበት ይዞት አልቀጣጠል ሲል ቱግ ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ቱግ ይላል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ "እስካሁን የት ቆይተህ ነው?" ብሎ እንደገና ቱግ ይላል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ስድስቱን ዓመት የኖረው በር ሲበይድ ነው፤ የግቢ በር፣ የሱቅ በር፣ የመጋዘን በር። ስለ በር ደግሞ አንድ የማይነቃነቅ እምነት አለው፤ በር ሲዘጋ ሰፈር መስማት አለበት።

"ማንም ሳይሰማ የሚከፈትማ መጋረጃ ነው" ይላል ለደንበኞቹ። "መጋረጃ ከፈለጋችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ።"

ስለዚህ መቀርቀሪያ ሲሠራ ሆነ ብሎ ላላ ያደርገዋል። ወፍራሙ ብረት ሲወረወር መጀመሪያ ላሜራውን ይመታና "ጓ!" ይላል፤ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያርፍ ደግሞ "ቃ!"። ሌሎች በያጆች ይህን ድምፅ ለማጥፋት ጎማ ይለጥፋሉ። ቱጌ ጎማ የተለጠፈበት በር ሲያይ ደሙ ይፈላል። ሦስት መንገድ ርቆ ቆሞ ድምፁን ብቻ ሰምቶ "ይቺ የኔ በር ናት" ማለት ይችላል፤ እውነትም አይሳሳትም።

ውሻዋን ሞርሳ ብሎ የሰየማት እሱ ነው። ሞርሳ የብረት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ ብረቱን ጨምድዶ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ገና የዓመት ውሻ ሳለች፣ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ወርክሾፑ ገብታ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ነክሳ አልለቅም አለች። በዚያችው ቀን ስሟም ሥራዋም ጸደቀ። ቡናማ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ቀን ቀን ከላሜራው ቁልል ጥላ ስር ትጋደማለች። አመሻሽ ላይ ቱጌ የሥራ ልብሱን ይቀይራል፣ ውኃዋን ይሞላል፣ ወጥቶ በሩን ይጎትታል። ጓ! ቃ! ያኔ ሞርሳ ትጀምራለች። ረጅም፣ የተጎተተ ጩኸት ነው፤ ቱጌ መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል።

መታጠፊያው ላይ ያለው ባለሱቅ ሁልጊዜ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። "ቱጌ፣ ይቺ ውሻህ ዛሬም?"

"ሥራ ጀመረች" ይላል ቱጌ ደረቱን ነፍቶ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል።"

ስምንት ዓመት ሙሉ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሴራሚክ ነጋዴ ያዘዘውን የግቢ በር ሊወስድ መጣ። በሩን ፒክአፑ ላይ ጫኑት፣ በገመድ አሰሩት። ነጋዴው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ፣ ከሆነ ሰው ጋር እየሳቀ፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሰጠ። ቱጌ "ቁም!" አለ። ሰውዬው አልሰማም። ሞርሳ ጥላዋ ስር ተኝታ ነበር።

ያን ድምፅ ሲያስታውስ ቱጌ እስከዛሬ ጥርሱ ይፋጫል። ነጋዴው ወረደና መጀመሪያ ያየው የመኪናውን መከላከያ ነው። ቀጥሎ ወደ ታች አየ። "ውይ፣ ሰው መስሎኝ ደንግጬ" አለ ደረቱን እየዳበሰ። "ለካ ውሻ ናት።"

ቱጌ መዶሻ በእጁ ነበር። ያልወረወረው ሞርሳ ስለጮኸች ብቻ ነው። ሰውዬውን ትቶ ወደ እሷ ሮጠ፤ ቁራጭ ጣውላ ላይ አጋደማት፣ ታክሲ አስቆመ፣ ከባለታክሲው ጋር ተጣላ፣ ታረቀ፣ እንስሳት ሐኪም ቤት አደረሳት። ቱጌ ሲወጣ ነጋዴው በሩን እንደጫነ ሄዷል። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም። የሞርሳ ደም የውሻ ደም ሆኖ ቀረ።

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ወጣት ናት። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችው። ዳሌዋ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ግን አጥንቱ ከቦታው አልለቀቀም።

"ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም፣ ጋሼ" አለችው። "የሚያስፈልጋት አለመንቀሳቀስ ነው። ስድስት ሳምንት። መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም። ኬጅ ውስጥ ትቆያለች፤ ለመጸዳዳት ብቻ በገመድ ይዘዋት ይወጣሉ።"

"ኬጅ? እንደ ዶሮ?"

"እንደ በሽተኛ። አልጋዋ ይበሉት።"

"ስምንት ዓመት ያገለገለችኝን ውሻ ልቆልፍባት?"

"ካልቆለፉባት ዘላ አጥንቱ ይለቃል።" ሐኪሟ ራጁን አወረደችው። "አልዋሽዎትም፣ ጋሼ። በዚህ ዕድሜዋ እዚህ ቦታ ላይ ከለቀቀ የሚቀረን መርፌው ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሌላ ራጅ እናነሳታለን፤ ያኔ ይለይልናል።"

የትኛው መርፌ እንደሆነ ቱጌ አልጠየቀም። የማስታገሻው እንዳልሆነ ከድምፅዋ ገብቶታል።

"ትልቅ ውሻ ስለሆነችና ኬጅ አይታ ስለማታውቅ፣ እንዳይገፏት" አለች ሐኪሟ። "መጀመሪያ በሩን ክፍት ይተዉት። ምግቧን እዚያ ውስጥ ይስጧት፣ በራሷ ጊዜ ትግባ። ከዚያ ስትበላ ዘጋ አድርገው ወዲያው ይክፈቱ። ከዚያ ትንሽ ያቆዩት። ከዚያ ከክፍሉ ወጣ ብለው ይመለሱ። እስከዚያ ገመዷ ከእጅዎ አይውጣ። ቀስ በቀስ..."

"እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ ቱጌ። "ይቺን ተረት የማይነግረኝ ሰው አንድ ቀን ባገኝ።"

ቱጌ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እትዬ ይላታል። እትዬ ስልክ ቤት ቁጭ ብላ ሠላሳ ዓመት የሰው መስመር ስታገናኝ የኖረች ጡረተኛ ናት። ዓይኗ ደክሟል። ጆሮዋ ግን የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ያውቃል። ወንድሟ ጸጉሩ ሸብቶም ከ"አንተ ልጅ" አላለፈም።

"ውሻ ቤት ውስጥ?" አለች ሞርሳን ታቅፎ ሲገባ።

"ስድስት ሳምንት ብቻ።"

"እኔ ላይ እንኳ ስድስት ሳምንት ሳትጮህ ኖረህ አታውቅም።" ይህን ብላ ብርድ ልብስ ልታመጣ ተነሳች።

በማግስቱ ገመዱን ለእትዬ አስረክቦ ወርክሾፑ ሄደና ሳጥኑን በአንድ ከሰዓት ሠራው። እንዲያ ተናዶ የሠራው ሥራ የለም፣ እንዲያ አሳምሮ የሠራውም የለም። ለማዕዘኑ ቱቦላሬ ብረት፣ ለጎኑ ወፍራም የሽቦ መረብ፣ ለወለሉ የተላገ ጣውላ። እያንዳንዷን ማዕዘን ሲበይድ ሴራሚክ ነጋዴውን በሐሳቡ ውስጡ ይከተዋል። ሹል የቀረ ቦታ እንዳይኖር በመዳፉ ዳሰሰው። ቀለም አልቀባውም፣ ሽታው ያስነጥሳታል። መዝጊያውን ግን በራሱ ደንብ ሠራው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራውን ያንኑ መቀርቀሪያ፣ አነስ አድርጎ። ዘግቶ ሞከረው። ጓ! ቃ! በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

"ይሄማ በር ነው" አለ ብቻውን።

ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ ከእትዬ ወንበር አጠገብ አስቀመጠው፤ በሩን እንዳይንቀሳቀስ በሽቦ ክፍት አድርጎ አሰረው። የተቀቀለ ጉበት ቆራረጠና መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ ገባ አድርጎ፣ ቀጥሎ ጥግ ድረስ አስቀመጠላት። በሆዱ ተኝቶ "ነይ፣ ነይ የኔ ሞርሳ" ሲል እትዬ ሳቋን በመሀረብ አፈነችው።

"እኔ ታምሜ እንኳ እንዲህ ለምነኸኝ አታውቅም" አለችው።

"አንቺ ሳትለመኚ ነው የምትበይው።"

በመጀመሪያው ቀን ሞርሳ አንገቷን ብቻ አስገባች። በሁለተኛው የፊት እግሮቿን። በሦስተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች። በአራተኛው ቀን ከበላች በኋላ እዚያው አገጯን ደፉ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሐኪሟ ያለችው ሁሉ ልክ ሆነ፤ ቱጌ ደግሞ ልክ በሆነ ሰው መናደድ ልማዱ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

በአምስተኛው ቀን ሽቦውን ፈታው። ሞርሳ ገብታ ጉበቷን መብላት ጀመረች። ዘጋ አድርገው ወዲያው ይክፈቱ ተብሏል። ቱጌ በሩን ገፋና መቀርቀሪያውን ወረወረው።

ጓ! ቃ!

ሞርሳ ጉበቱን ከአፏ ጣለችው። ከዚያ የሆነውን ነገር ዓይቶ ለማመን ያስቸግር ነበር። ያቺ ለመነሳት የምታቃስት ውሻ ተፈናጥራ ተነሳች፤ በደረቷ በሩን መታችው፣ ዞራ መረቡን መታችው፣ የተሰነጠቀ ዳሌዋ ከቱቦላሬው ጋር ሲጋጭ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። ቱጌ ሊከፍትላት ታገለ፤ እሷ በሩን ከውስጥ ስለምትገፋው ግን መቀርቀሪያው አልመለስ አለው። ሲከፈት በሆዷ እየተሳበች ወጣች፣ ወለሉን አረጠበችው፣ የእትዬ ወንበር ስር ገባች።

"አንቺ ደደብ!" አለ ቱጌ። "ላንቺው ብዬ እኮ ነው። ማን ነው ጉበት እየቆረጠ የሚለምንሽ? ያ ነጋዴ ነው?"

"ኧረ ተዋት" አለች እትዬ።

"አትንገሪኝ።"

በስድስተኛው ቀን ሞከረ፤ ያው ሆነ። በሰባተኛው ቀን መረቡን ነክሳ አልለቅም አለች፤ አንድ ጥርሷ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ጉበቱ ደፉ ላይ እስኪደርቅ ዞር ብላም አላየችው። ቱጌ ሐኪሟ ጋ ደወለ።

"ምናልባት ቸኩለው ይሆናል፣ ጋሼ" አለችው።

"እኔ ነኝ የቸኮልኩት? አራት ቀን በሆዴ የተሳብኩት?"

"ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሱና..."

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እርር ድብን እያለ ሞርሳን ለመጸዳዳት አወጣት። ያኔ ነው ያየው። ከጥቂት ቀን በፊት መሬት መርገጥ የጀመረችው የግራ የኋላ እግሯ ተነስታ ቀርታለች። ጣቶቿ አፈሩን አይነኩትም። ቱጌ ፈራ፤ ግን ፍርሃት ሲመጣበት የሚያወጣው በአንድ በር ስለሆነ፣ ገብቶ እትዬን የሳህን አቀማመጧ ልክ አይደለም ብሎ ተጣላት። ለራጁ የቀረው ስምንት ቀን ነበር።

በነጋታው ቁርስ ላይ እትዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትቆጣም?"

"እቆጣለሁ።"

"እንግዲያው ተቆጥተህ ስማኝ። እሷ የምትፈራው ሳጥኑን አይደለም። ሳጥኑን አልጋዋ አድርጋ ተኝታበታለች። የምትፈራው ድምፁን ነው። ጓ ሲል ነው ትንፋሿ ቀጥ የሚለው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።"

"የኔን መዝጊያ ነው የምትይው?"

"ያንተን መዝጊያ።"

"እትዬ፣ ያን ድምፅ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማታው ሰምታዋለች። የሚያስፈራት ቢሆን ድሮ ትለምደው ነበር።"

"ስትሰማው ምን እንደሚሰማት እኔ አላውቅም" አለች እትዬ ፍርፋሪውን በእጇ እየሰበሰበች። "ማታ ማታ እዚያ የለሁም። አንተም የለህም።"

ቱጌ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ሰው የራሱን ጥፋት ለማየት አንድ እርምጃ ሲቀረው የሌላውን ጥፋት ፍለጋ ይወጣል፤ እሱም ጃኬቱን ለብሶ ሴራሚክ ነጋዴው ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ፣ ስድብ ሲመርጥ፣ የመረጠውን በባሰ ሲተካ ደረሰ። በሩ ከሩቅ ታየው። የገዛ ሥራው፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። በቡጢ ደበደበው።

ነጋዴው በትልቁ በር ውስጥ ያለችውን ትንሿን በር ከፍቶ ብቅ አለ። "አንተ ነህ? ግባ እንጂ። በሩ እኮ መንገዱን ሁሉ አስቀናው።"

"ውሻዬ ልትሞት ነው።"

"የቷ ውሻ?"

ቱጌ አንድ እርምጃ ቀረበ። "የገጨሃት ውሻ።"

"ኤዲያ፣ እሱን እስከዛሬ ይዘኸዋል እንዴ? ወንድሜ ቤት ቡችሎች አሉ፣ አንዱን አስመጣልሃለሁ።"

"ቡችላ አልጠየቅኩህም። ይቅርታ በል።"

"ለውሻ?"

"ለውሻ።"

ነጋዴው ሰውዬው ጤነኛ ነው አይደለም የሚለውን ለማወቅ ከላይ እስከታች አየው። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት።

ጓ! ቃ!

በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የገዛ በሩ ሲዘጋበት ያ የመጀመሪያው ነበር። ከሁሉም የከፋው ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን አልወጣም፣ ምክንያቱም ጆሮው ሌላ ነገር እየጠበቀ ነበር። ከቃው በኋላ የሚመጣ ነገር አለ። ጓ፣ ቃ፣ ቀጥሎ ያ ረጅም የተጎተተ ጩኸት። ስምንት ዓመት ተከታትለው ሲመጡ ስለኖሩ ጆሮው አንዱን ሲሰማ ሌላውን ይጠብቃል። ቆሞ ጠበቀ። ጩኸቱ አልመጣም።

ቱጌ እዚያው በሩ ፊት እንደቆመ ነገሩ ገባው። ሞርሳ የምትጮኸው ሌባ ሲመጣ አልነበረም። መንገደኛ ሲያልፍም አልነበረም። እሱ ሲሄድ ነበር። በሩ ጓ ይላል፣ ሰው ይሄዳል፣ ጨለማ ይመጣል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጓ ይላልና እስከ ሰኞ ጠዋት ሰው የለም፤ እሑድ ለታ ቱጌ ብቅ ብሎ ምግቧን በበሩ ስር አንሸራትቶ፣ አፍንጫዋን በስንጥቁ አይቶ፣ "ጎበዝ፣ ጠብቂ" ብሎ ይመለስ ነበር። ከሁለት ሺህ በላይ ምሽት አልቅሳበታለች። እሱ ደግሞ በዚያ ልቅሶ ደረቱን ነፍቶበታል።

አሁን የተናደደው ንዴት እስካሁን ከሚያውቀው የተለየ ነበር። የሚወረወርበት ሰው የለውም። ነጋዴውን ረስቶት ሄደ።

ቤት ሲደርስ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደ። የሳጥኑን በር ከማጠፊያው ነቅሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ወርክሾፑ ውስጥ በሩን ሞርሳው ላይ አሰረና የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን መቀርቀሪያው ላይ ለቀቀው። ብልጭታው ጉልበቱ ላይ ይዘንባል፤ እሱ መነጽር እንኳ አላደረገም። ብረቱ ተቆርጦ ሲወድቅ አንስቶ አየው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ችግሩም ይኸው ነው። ከዚያ በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቀውን ነገር ሠራ። አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀደደና የበሩን ጠርዝ ዙሪያውን ለጠፈው። መዝጊያ የሚሆን ለስላሳ ነገር ሲፈልግ ምንም ስላጣ የሱሪውን ቀበቶ ፈታ። ሱሪውን በኤሌክትሪክ ሽቦ አስሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሳቀበት ሰው ቢኖር ጥሩ አይገጥመውም ነበር።

በሩን መልሶ ሲገጥም እትዬ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ቱጌ ከፈተ፣ ዘጋ።

"ዘጋኸው?" አለችው።

"ዘጋሁት።"

"አልሰማሁም።"

ይህ ለአንድ በያጅ ስድብ ነው። ቱጌ ግን ጉበት ሊቆርጥ ተነሳ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሞርሳ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ሳጥኑ አልቀረበችም፤ ቱጌም አልለመናትም፣ ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጥቶ ገመዷን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ባለፉት ቀናት የጮኸባት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቱን ይጠበጥበው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከኋላው የማላመጥ ድምፅ ሰማ። አልዞረም። በሦስተኛው ቀን እየበላች ሳለ በሩን ገፋው፤ ጎማው ጎማውን ነካ፣ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ሞርሳ ቀና ብላ አየችው። ቀበቶውን አላሰረውም፣ በጣቱ ብቻ ያዘው። "አለሁ" አላት። ቆሞ የነበረው ጆሮዋ ዝቅ አለና መብላቷን ቀጠለች።

በአራተኛው ቀን ቀበቶውን አስሮ አጠገቧ ጋዜጣ አነበበ። ጋዜጣው ላይ የተጻፈው ሁሉ አናደደው፣ ግን በሹክሹክታ ተናደደ። በአምስተኛው ቀን ከክፍሉ መውጣት ነበረበት። ተነሳና በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ያዘው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህች ውሻ ተለይቶ ሲሄድ ምንም ብሏት አያውቅም። እትዬን ውኃ ሊቀዳ ሲነሳ እንኳ "መጣሁ" ይላታል። ባለሱቁን፣ ደንበኛውን፣ የማይወደውን ሰው ሳይቀር "መጣሁ" ብሎ ነው የሚለየው። ወደ ሳጥኑ ዞረ።

"መጣሁ" አላት።

ወጣ፣ አምስት ቆጠረ፣ ተመለሰ። እንደገና "መጣሁ" ብሎ ወጣ፣ ሃምሳ ቆጠረ፣ ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ መሆን ስላለበት እትዬ ካፖርቷን ደርባ ከእሱ ጋር ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"በስተርጅና በውሻ ምክንያት ከቤቴ ልውጣ" አለች።

"ዝም በይ፣ አዳምጪ።"

እትዬ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘነበለች። ቱጌ የእሷን ፊት እያየ ጠበቀ። የራሱን ጆሮ ማመን ካቆመ ሰንብቷል።

"እንቅልፍ ወስዷታል" አለች በመጨረሻ። "ታንኮራፋለች። ካንተ ትሻላለች።"

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሐኪሟ አዲሱን ራጅ ከአሮጌው አጠገብ ሰቀለችው። ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ቱጌ ኮፍያውን በእጁ ይጨምቅ ነበር።

"አልለቀቀም" አለች። "መያያዝ ጀምሯል። መርፌው አያስፈልጋትም።"

ቱጌ ሳያስበው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ግን እዚህ ጋ ይመልከቱ፣ ጋሼ። ትንሽ ዘመም ብሏል። በዚህ እግሯ ዕድሜዋን ሙሉ ታነክሳለች።"

"ያ ነጋዴ" አለ ቱጌ፣ ደሙ ወደ ፊቱ እየወጣ። "ያ ነጋዴ እጄ ይግባ ብቻ።"

ሐኪሟ ጣቷን ከአንዱ ራጅ ወደ ሌላው አሻገረች። "ይሄ መዝመሙ የመጀመሪያው ላይ የለም። በኋላ የመጣ ነው።"

አሥራ አምስት ቀን ለነጋዴው ያጠራቀመው ስድብ ሁሉ አድራሻው ተቀየረ። ነጋዴው ሰንጥቋል፣ ይህ አይካድም፣ ይቅርታም አላለም። ያዘመመው ግን ሦስት ቀን ሙሉ የተወረወረ መቀርቀሪያ ነው። ቱጌ ሞርሳን ታቅፎ ሲወጣ ሐኪሟን ይቅርታ ጠየቃት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

የቀረውን አራት ሳምንት ሞርሳ ሳጥኗ ውስጥ ተኝታ አሳለፈች። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ። ወርክሾፑን አሁን የሚጠብቀው ትልቅ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲያበቃ ልብሱን ቀየረ፣ ወጣ፣ በሩን እንደልማዱ ሊጎትት እጁን ሰደደ፤ ግን አልወረወረውም። መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ይዞ በቀስታ አስገባው። ጊዜ ይወስዳል። ጎማ እስኪለጥፍበት እንዲህ ሊሆን ነው።

መታጠፊያው ላይ ባለሱቁ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ቱጌ፣ ምነው ሰሞኑን ዝም አለብን? ሞርሳ ሥራ ለቀቀች እንዴ?"

ቱጌ ቆመ። ባለሱቁ እንደለመደው ቁጣ ይወርድብኛል ብሎ አንገቱን ወደ ውስጥ ሊመልስ ነበር።

"ሥራ አልነበረም" አለ ቱጌ። "ስታለቅስ ነበር።"

ወደ ቤቱም እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ጠዋት ሲወጣ "መጣሁ" ብሏታል፣ ደግሞም መሽቷል።